ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ስትገዙም ብቻችሁን አትሂዱ



በየዓመቱ አዳዲስ ተማሪዎች ወደ ግቢ ሲገቡ ጀመዓችን ደጋግሞ ከሚጠየቃቸው ነገሮች አንዱ «የቱን ላፕቶፕ ልግዛ?» የሚለው ነው። ጥያቄው የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ከቤት ከተላከ በኋላ ነው። ሱቅ ውስጥ ቆሞ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም የሚልክልን አለ፤ ባለሱቁ አጠገቡ ሆኖ «ቶሎ ወስን፣ ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ይለዋል። እንዲህ ባለ ሰዓት ምክር መስጠትም መቀበልም አይቻልም። ስለዚህ የምናስበውን ሁሉ አስቀድመን እዚህ ለመጻፍ ወሰንን።

ከዕቃው በፊት ስለ ገንዘቡ እናውራ። አብዛኞቻችን ላፕቶፕ የምንገዛው በራሳችን ገንዘብ አይደለም። በሬ የሸጠ አባት አለ፤ ጉልት ተቀምጣ ያጠራቀመች እናት አለች፤ ሪያድ ወይም ኩዌት በሰው ቤት እየሠራች የወራት ደመወዟን የላከች እህት አለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ላፕቶፕ ከነቻርጀሩ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነውና የዚያ ጭማሪ ሸክም መጨረሻ ላይ ያረፈው በእነዚህ ሰዎች ትከሻ ላይ ነው። ይህ ገንዘብ አማና ነው። ጓደኛ ስለያዘው፣ ወይም ክዳኑ ላይ ያለው አርማ ስላማረን ብቻ የምናጠፋው አይደለም።

የመጀመሪያው አቋማችን ብዙዎችን የሚያስከፋ ነው፦ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከሆናችሁ አሁን አትግዙ።

ምክንያታችን ቀላል ነው። በፍሬሽ ዓመት የምትወስዷቸው ኮርሶች የጋራ ናቸው። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብ፣ ሌላው ቀርቶ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ የሚባለው ኮርስ እንኳ ላፕቶፕ አይፈልግም። ሀንዳውቱ በስልክ ይነበባል፤ ታትሞም ይገኛል። ዲፓርትመንት የምትመደቡት ከዚያ በኋላ ነው። ፖሊ ሄዶ ሲቪል ምህንድስና የሚማር ሰው ኢታብስና ኦቶካድ ያስፈልገዋል፤ እነዚህ ደግሞ ጠንካራ ማሽን ይጠይቃሉ። ፔዳ ሆኖ አካውንቲንግ ወይም ቋንቋ የሚማር ኤክሴልና ወርድ ይበቃዋል። ጥበበ ግዮን ያሉት የሕክምና ተማሪዎች ቀኑን ሙሉ ከወፍራም መጻሕፍት ፒዲኤፍ ጋር ናቸው፤ ጥሩ ስክሪንና ጥሩ ባትሪ ከፕሮሰሰር ጉልበት ይልቅ ይጠቅማቸዋል። ዘንዘልማ ሆኖ የካርታ ሥራ የሚጠብቀው ደግሞ ሌላ ነው። ሳይመደቡ መግዛት ጫማ ቁጥርን ሳያውቁ ጫማ እንደመግዛት ነው።

«ቀድሜ ልለማመድ» የሚሉ አሉ፤ ሐሳባቸውን እናከብራለን። በተለይ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥ መሆኑ ብዙዎችን ያስጨንቃል። አራት ዓመት ማውዝ ሳይነካ ቆይቶ በፈተና ቀን ከስክሪን ፊት መቀመጥ በእርግጥ ይከብዳል። ግን ይህን የሚፈታው የእጅ ልምድ ነው። የቤተ መጻሕፍቱና የዲፓርትመንት ላብ ኮምፒውተሮች አሉ። በሳምንት ሁለት ቀን አንድ አንድ ሰዓት መተየብ የተለማመደ ሰው፣ ላፕቶፕ ገዝቶ ፊልም ከሚያይበት ሰው በጣቱ ይቀድማል። አሁኑኑ በዲዛይን ወይም በጽሕፈት ሥራ ገንዘብ የሚያገኝ ተማሪ ካለ ግን ይህ ምክር እሱን አይመለከትም፤ ለእሱ ላፕቶፕ የሥራ መሣሪያ ነው።

ዲፓርትመንቱ ታወቀ እንበል። አሁን አዲስ ይሻላል ወይስ ያገለገለ? ቤተሰብ ብዙ ጊዜ «አዲስ በካርቶኑ ይሁን» ይላል፤ የሰው እጅ የነካው ዕቃ አያምነውም። ሆኖም በአነስተኛ ገንዘብ የሚገኘው አዲስ ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ ሴሌሮን ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ማከማቻ ያለው ነው። ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሚሆን ቆይቶ መጨመር አይቻልም። ዊንዶውሱ ራሱን ሲያድስ ማከማቻው ይሞላል፤ ሁለት ፋይልና አንድ ብሮውዘር ሲከፈት ይቆማል። በዚያው ገንዘብ ወይም ትንሽ ተጨምሮ፣ ውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ተጠቅመውበት የሸጡት የቢሮ ላፕቶፕ ይገኛል፦ የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲቲውድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክ። እነዚህ ለሠራተኛ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ማጠፊያቸው ጠንካራ ነው፣ በብዙዎቹ ራምና ዲስክ ይቀየራል፣ መለዋወጫም ይገኝላቸዋል። እኛ ከአዲሱ ሴሌሮን ይልቅ ያገለገለውን ቲንክፓድ እንመርጣለን፤ በዚህ ከቤተሰብ ጋር መከራከር ካስፈለገ በአክብሮት ተከራከሩ።

ያገለገለ ስንል ግን ዕድሜው ለውጥ ያመጣል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከ8ኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ነው። ስለዚህ በገበያችን ከሞሉት መካከል ኤሊትቡክ 840 ጂ3 6ኛ ጀነሬሽን ስለሆነ ከመስመሩ በታች ነው፤ ጂ5 ግን በአብዛኛው 8ኛ ስለሆነ ያልፋል። ከቲንክፓድ ቲ480 በአብዛኛው ያልፋል። ሲያዩአቸው ወንድማማች ይመስላሉ፤ የዋጋው ልዩነትም የሚያጓጓ ነው። ሻጩ የሚነግራችሁን «ኮር አይ 5» ብቻ ሰምታችሁ አትርኩ፤ አይ 5 በየጀነሬሽኑ አለ። ሴቲንግ፣ ቀጥሎ ሲስተም፣ ቀጥሎ አባውት የሚለውን ከፍታችሁ የፕሮሰሰሩን ቁጥር እዩ። ከሰረዙ ቀጥሎ 6300 ካለ 6ኛ፣ 8350 ካለ 8ኛ፣ 1135 ካለ 11ኛ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያም አለን፦ ዊንዶውስ 11 ስክሪኑ ላይ መታየቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የማሽን ምርመራውን አልፎ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ የመጫን መንገድ አለ፤ እንዲህ የተጫነ ዊንዶውስ ግን ወደፊት ማሻሻያ ላይደርሰው ይችላል።

አቅም ከሌለስ? 6ኛ ጀነሬሽን የያዘ ሰው ላፕቶፑን አይጣለው። ኤስኤስዲ ካለው ወይም ከተገጠመለት፣ ሊነክስ ሚንት ተጭኖበት ለጽሑፍ፣ ለንባብና ለኢንተርኔት በደንብ ያገለግላል። ሊብሬኦፊስ በነፃ የወርድና የኤክሴልን ሥራ ይሠራል። የሕግ፣ የሶሺዮሎጂና የቋንቋ ተማሪዎች በዚህ ብቻ ሊመረቁ ይችላሉ ብለን እናምናለን። የምህንድስና ተማሪ ግን ኢታብስ በዊንዶውስ ላይ ብቻ የሚሠራ መሆኑን ይወቅ፤ ማክቡክ ለመግዛት ያሰበም ይህንኑ ያስብ። በአጠቃላይ 8 ጊጋ ራምና 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው። በ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም የአንድሮይድ ኮርሱን ለመከታተል ለሚያስብ 8 ጊጋ የመጨረሻው ዝቅተኛ ልክ ነው፤ ከቻለ 16 ይሁን።

አሁን ሱቅ ገባችሁ። መብራት በጠፋበት ሰዓት አትግዙ፣ ማታም አትግዙ። ላፕቶፑን ክፈቱና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አብራችሁት ቆዩ፤ ቪዲዮ እየሠራ ይቆይ፣ የሚግል ወይም ድንገት የሚጠፋ ከሆነ ያኔ ይታያል። ከኪቦርዱ አንድም ቁልፍ ሳታስቀሩ ጻፉ። የራሳችሁን ፍላሽ ይዛችሁ በሁሉም ቀዳዳ ሞክሩ። የስልካችሁን ሆትስፖት አብርታችሁ ዋይፋዩን አገናኙ። ካሜራና ማይክ ሞክሩ፤ በርቀት ለመሥራት ለሚያስብ ሰው ሁለቱ ግዴታ ናቸው። ቻርጀሩን ሰክታችሁ ገመዱን በቀስታ አንቀሳቅሱ፤ ቻርጁ ከተቆራረጠ ቀዳዳው ተጎድቷል። የቢሮ ላፕቶፕ ስለሆነ ባዮሱ በይለፍ ቃል የተቆለፈ እንዳይሆን አጥፍታችሁ አብሩና ግቡበት። ባትሪውን በዓይን መገመት አይቻልም፤ ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል። እዚያ «ዲዛይን ካፓሲቲ» እና «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያው 50 ሺህ፣ ሁለተኛው 25 ሺህ ከሆነ ባትሪው ግማሽ አቅሙን አጥቷል፤ «አራት ሰዓት ይቆያል» ሲሏችሁ ሁለት ብላችሁ አስሉ፣ ዋጋውንም በዚያው ልክ ተከራከሩ።

ደረሰኝ ያዙ፤ በደረሰኙ ላይ የላፕቶፑ መለያ ቁጥር ይጻፍ። ግቢ በር ላይ ስታስመዘግቡት ይጠቅማችኋል፤ ቢጠፋም ለመጠየቅ መነሻ ይሆናችኋል። ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ቻርጀር፣ በሚገርም ርካሽ ዋጋ፣ ካፌ ውስጥ የሚሸጥ ላፕቶፕ ካጋጠማችሁ ግን አንድ ጊዜ አስቡ፦ ይህ የማን ነበር? ምናልባት ውስጡ የአንድ የጂሲ ተማሪ ሙሉ የመመረቂያ ጽሑፍ ነበረ። የተሰረቀ መሆኑን እየጠረጠሩ መግዛት ርካሽ ግዢ አይባልም።

እዚህ ላይ ከሁሉም የበለጠ የሚያሳስበንን ጉዳይ በግልጽ እንናገራለን። ፍሬሽ ተማሪ ከተማውን አያውቅምና አንድ ሲኒየር ወንድም ሱቅ ይዞት ይሄዳል። ተማሪው ያመነው ሱቁን አይደለም፤ አብሮት የሚሰግደውን ወንድሙን ነው። ሲኒየሩ ግን ከባለሱቁ ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ ከሽያጩ ኮሚሽን ይወስዳል፤ ኮሚሽኑም በዋጋው ላይ ይደመራል። ገዢው አያውቅም። ይህ በግቢያችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ «የድካሜ ዋጋ ነው» ሲባልም ሰምተናል። ድለላ ሐላል ሥራ ነው፤ ደላላ መሆንም አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ለአንዱ ወንድም፣ ለሌላው ደላላ መሆን ነው። ኮሚሽን የምትወስድ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ለገዢው ንገረው፤ ፈቅዶ ይክፈልህ ወይም ሌላ ሰው ይፈልግ። መናገር ከከበደህ የከበደህበትን ምክንያት ራስህ ታውቀዋለህ።

ከመካከላችን ላፕቶፕ እያመጡ በቴሌግራም የሚሸጡም አሉ፤ አላህ ሥራቸውን ይባርክላቸው። ለእነሱም የምንለው ያው ነው። የተቀየረ ባትሪ፣ የተከፈተ ቦርድ፣ ጥግ ላይ የሞተ የስክሪን ነጥብ ካለ ከዋጋው በፊት ይነገር። በሸሪዓችን ዐይብን ደብቆ መሸጥ የተከለከለ መሆኑን ሁላችንም በልጅነታችን ተምረናል፤ ላፕቶፕ ከስንዴና ከከብት የሚለየው ዐይቡ ከውስጥ በመሆኑ ብቻ ነው። «ስላልጠየቀኝ አልነገርኩትም» የሚለው መልስ የሚሠራው ገዢው መጠየቅ የሚችል ቢሆን ነበር፤ ፍሬሹ ስለ ባዮስ ምን ብሎ ይጠይቅ?

ገንዘቡ ሲጎድል ደግሞ በስልክ በደቂቃ የሚለቀቅ ብድር አለ። ብዙዎች ገብተውበታል። ስሙ «የአገልግሎት ክፍያ» ቢባልም በብድሩ መጠንና በመመለሻው ቀን ልክ የሚያድግ ከሆነ፣ ከመንካታችሁ በፊት ኡስታዞቻችንን ጠይቁ። ከወለድ ነፃ የሆኑት ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች በ2013 ሥራ ጀምረዋል፤ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ መስኮት አላቸው። በሙራበሓ ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አሳውቆ፣ በየጊዜው በሚከፈል ክፍያ ይሸጣል። ገቢ የሌለው ተማሪ ይህን በቀላሉ ላያገኝ ይችላል፤ ነጋዴ ወይም ደመወዝተኛ የሆነ ወላጅ ግን ቢጠይቅ አይከፋም። ለተማሪ የሚቀርበው መንገድ እቁብ ነው። አሥር ሰው ሆናችሁ በየወሩ ጣሉ፤ ዕጣውንም ብትስማሙ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚጠብቃቸው አስቀድሙላቸው። ቀስ ይላል፤ ግን ዕዳ ተሸክሞ ከመመረቅ ይሻላል።

ስለ ተጨማሪ ዕቃዎች ብዙ አንልም። ማቀዝቀዣ ማራገቢያ፣ የሚያበራ ኪቦርድ፣ የላፕቶፕ ማስቀመጫ አያስፈልጋችሁም፤ የሀንዳውት ክምር ማስቀመጫ ይሆናል። ማውዝ ግዙ። ዝናብ የማያስገባ ቦርሳ ግዙ፤ የባሕር ዳርን ክረምት የሚያውቅ ለምን እንደምንል ያውቃል። ከጂዳ ወይም ከዱባይ የተላከ ቻርጀር ሦስት ጠፍጣፋ እግር ሊኖረው ስለሚችል በላላ ማያያዣ ከመሰካት ገመዱን ብቻ መቀየር ይሻላል፤ የላፕቶፕ ቻርጀር ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል።

ገንዘብ ማውጣት ያለባችሁ በመብራት በኩል ነው። ከጣና የሚወጣው ውሃ በጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸውን ተርባይኖች ያሽከረክራል፤ እኛ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን በስልክ ባትሪ እናነባለን። ይህን ማስተካከል በእጃችን አይደለም። በእጃችን ያለው መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን መንቀልና ተመልሶ እስኪረጋጋ ድረስ አለመሰካት ነው፤ የሚያቃጥለው ሲመለስ ኃይል ጨምሮ የሚመጣው ነውና። በክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ ሳይጠፋም ንቀሉ። ዶርም ውስጥ ስምንት ሰው በአንድ ርካሽ ዲቫይደር ላይ ማሞቂያና ላፕቶፕ አብሮ ሲሰካ እናያለን፤ ስምንታችሁ አዋጥታችሁ ከኃይል መጨመር የሚከላከል አንድ ጥሩ ዲቫይደር ግዙ፣ ማሞቂያውን ከዚያ አርቁት። ቲ480ና ኤሊትቡክ ጂ5 በዩኤስቢ ሲ ቻርጅ ስለሚያደርጉ አቅሙ በቂ የሆነ ፓወር ባንክም ያንቀሳቅሳቸዋል።

ፋይላችሁን ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ጉግል ድራይቭ 15 ጊጋ በነፃ ይሰጣል፤ ግን በእሱ ብቻ አትመኩ። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ሲቋረጥ፣ ጽሑፉን ደመና ላይ ብቻ ያስቀመጠ ሰው ጽሑፉ እያለ አጥቶት ነበር። ውጫዊ ዲስክ ወይም ቢያንስ አስተማማኝ ፍላሽ ይኑራችሁ፤ ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ ግን አትያዙት፣ ሌባ ሁለቱን አንድ ላይ ይወስዳቸዋልና።

በርቀት ሠርቶ ስለማግኘት የሚጠይቁንም ብዙ ናቸው። መልሳችን ከዚሁ ይነሳል። ቀኑን ሙሉ በቀጥታ መስመር ላይ መሆንን የሚጠይቅ ሥራ በእኛ ኔትወርክና መብራት ከባድ ነው። ሠርተው ፋይል የሚልኩበት ሥራ፣ ማለትም ትርጉም፣ ዲዛይን፣ ድምፅን ወደ ጽሑፍ መቀየር፣ የመረጃ ሥራ፣ ከእኛ ሁኔታ ጋር ይስማማል። ሁለት ሲም ይኑራችሁ፤ አንዱ ኔትወርክ ሲተኛ በሌላው ላኩ። ክፍያው በምን መንገድ እንደሚደርሳችሁም የመጀመሪያውን ሥራ ከመቀበላችሁ በፊት ተስማሙ። አንድ ወር ለፍቶ ገንዘቡን ማስገባት ያቃተው ወንድም አጋጥሞናል።

ስለ እህቶቻችንም አንድ ነገር እንበል። በብዙ ቤት ወንድም ሲማር ላፕቶፕ ይገዛለታል፤ እህት ስትማር «ከጓደኞችሽ ተዋሺ» ትባላለች። መዋስ ደግሞ ማታ ማታ ላብ ወይም የሌላ ዶርም ድረስ መሄድ ነው። ከቤት ሆኖ የሚሠራ ሥራ ከማንም ይልቅ የሚጠቅማቸው እነሱ ሆነው ሳለ መሣሪያው መጨረሻ ላይ የሚደርሳቸው መሆኑ ትክክል አይደለም። ቤት ስትሄዱ ይህን ለአባቶቻችሁ የምትነግሩ ወንድሞች ሁኑ።

ከዚህ ሁሉ ተነሥተን ለጀመዓችን የምናቀርበው ሐሳብ አለ። የኮምፒውተር ሳይንስና የኤሌክትሪካል ተማሪዎች የሆኑ አራት ወንድሞችና አራት እህቶች፣ ከማንም ሱቅ ምንም ላለመቀበል ቃል ገብተው፣ ላፕቶፕ ለሚገዛ ሰው አብረው ሄደው የሚመረምሩበት አንድ ቡድን ይቋቋም። ለመጀመሪያው ሴሚስተር በየሳምንቱ ጁሙዓ ከዐስር በኋላ ይበቃል። የሚመረምሩበት ዝርዝር በአንድ ገጽ ተጽፎ ይሰቀል፤ ባለሱቆችም ያንብቡት። ለዚህ ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ለየግቢያችሁ አሚር ስጡ፤ የእቁቡን ነገር የምትጀምሩም እንዲሁ።